ከቀመሩ በፊት የቤት ዝርዝሩ ይሠራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ጅማ ውስጥ መጠይቅ የያዙ ተማሪዎች ከግቢ ግቢ ሲዞሩ ይታያሉ። ከሂርማታ እስከ ጅሬን ያለው ነዋሪ ሥራውን አቁሞ፣ ወንበር አውጥቶ፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ጊዜውን ይሰጣቸዋል። እኛ የማኅበራዊ ጥናት ዘዴ የምናስተምር ሰዎች ይህ ደግነት ከንቱ እንዳይቀር እንፈልጋለን። ብዙው ጥናት የሚበላሸው ኤስፒኤስኤስ (መልሶቹ የሚተነተኑበት የኮምፒውተር ፕሮግራም) ላይ ሳይሆን መጠይቁ ገና ሳይበተን፣ ተጠያቂው ሲመረጥ ነው።

ተማሪው ምዕራፍ ሦስትን፣ ማለትም የጥናቱን ዘዴ የሚያስረዳበትን ክፍል፣ ሲጀምር ቶሎ የሚፈልገው ስንት ሰው እንደሚጠይቅ የሚነግረውን ቀመር ነው። የያማኔ ቀመር በሁሉም እጅ አለ፦ የስህተት ወሰኑን (ውጤቱ ከእውነቱ ሊርቅ የሚፈቀድለትን መጠን) በራሱ አባዝቶ፣ በሕዝቡ ብዛት አባዝቶ፣ 1 ደምሮ፣ በዚያ ውጤት የሕዝቡን ብዛት ማካፈል። 1,200 አባወራና እማወራ ላለው አካባቢ፣ በ5 ከመቶ የስህተት ወሰን 300 ይወጣል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጅማ ከተማ ሕዝብ 120,960 ነበር፤ በዚህ ቁጥር ሲሠራ ደግሞ 399 ነው። ሕዝቡ መቶ እጥፍ ሲሆን ናሙናው፣ ማለትም የሚጠየቀው ሰው ብዛት፣ የጨመረው 99 ብቻ ነው። ብዙ ተማሪ ተሳስቻለሁ ብሎ ደጋግሞ ያሰላል፤ አልተሳሳተም። ከባዱ ነገር ሌላ ቦታ ነው፤ ቀመሩ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው ለመመረጥ እኩል ዕድል ካለው ብቻ ነው። ሐሙስ ገበያ ቆሞ ያገኘውን 399 ሰው የጠየቀ ተማሪ ቁጥሩን እንጂ ዘዴውን አልወሰደም።

የቁጥር ብዛት የተዛባ ዝርዝርን አያቃናም። በ1936 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሊተራሪ ዳይጀስት መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ለፕሬዚዳንትነት ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። አድራሻዎቹ በአመዛኙ ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ የተቀዱ ነበሩ፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክም መኪናም ያልነበረው ሰው ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። መጠይቁ ከደረሳቸውም የመለሱት ከአራት አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

እኛ ዘንድ ያንኑ ስህተት የሚያመጣው የቀበሌ መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ በአብዛኛው የሚገኘው የቤቱ ባለቤት ስም ነው። በሩ ሲከፈት ግን ጓሮው ድረስ የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ባጃጅ ነጂው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከገጠር መጥታ ጉሊት የምትውለው እናት የሚኖሩት እዚያ ነው። በሥራ አጥነት ወይም በፍልሰት ላይ የሚሠራ ጥናት እነሱን ከዘለለ የሚነግረን ስለ ባለ ይዞታዎች ብቻ ነው። ስለዚህ መዝገቡ መነሻ ይሁን፤ ከዚያ ሁለት ሰው ደብተር ይዞ ቀጠናውን በእግሩ ይዙር። ከአንድ ጥግ ተነስቶ ሁልጊዜ ቀኝ እጁን ተከትሎ ይሂድ፤ በየግቢው ስንት ምድጃ ለብቻው እንደሚነድ ይጠይቅ፤ ለብቻው የሚያበስለውን ሁሉ ለብቻው ተራ ቁጥር ይስጥ። ጥቂት ቀን የሚወስድ ሥራ ነው። ብዙ ፕሮፖዛል የጊዜ ሠሌዳ ላይ ግን አንድም ቀን አልተመደበለትም።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ መምረጡ ቀላል ነው። እምቢ የሚልና የማይገኝ ስለማይጠፋ በ300ው ላይ 10 ከመቶ ተጨምሮ 330 ይያዛል። 1,200ን ለ330 ማካፈል ክፍልፋይ ስለሚያመጣ፣ በየአራተኛው ቤት ከመዝለል ይልቅ ኤክሴል በዘፈቀደ ቁጥር እንዲያወጣ ማድረግ ይሻላል።

እዚህ ላይ ደጋግመን የምናየውን አንድ ጉዳት በቁጥር እናሳይ። ድካም ለመቀነስ ሁለት ቀጠና ብቻ ተመርጦ ከእያንዳንዱ 150 ሰው ይጠየቃል፤ ድምሩ 300 ስለሆነ የተሟላ ይመስላል። በአንድ ቀጠና የሚኖሩ ሰዎች ግን ውሃቸው አንድ፣ ገበያቸው አንድ፣ ብዙ ጊዜ ዕድራቸውም አንድ ስለሆነ መልሳቸው ይቀራረባል። የዚህ መመሳሰል መለኪያ (0 ሲሆን ምንም መመሳሰል የለም፣ 1 ሲሆን የአንድ ቀጠና ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው) 0.02 ብቻ ነው እንበል። ከ150ው አንድ ቀንሰን፣ 149ን በ0.02 አባዝተን 1 ስንደምር ወደ 4 እንጠጋለን፤ 300ን በዚህ ስናካፍል፣ 300ው ሰው የሚሰጠን መረጃ በነፃ ዕጣ ከወጡ 75 ሰዎች አይበልጥም ማለት ነው። ያው 300 ሰው ከ15 ቀጠና ሃያ ሃያ ሆኖ ቢወሰድ ማካፈያው 1.38 ይሆንና 217 ያህል ሰው የሚመዝን መረጃ ይገኛል። ልዩነቱ የባጃጅ ሒሳብና የጥቂት ቀን መንገድ ነው።

ቤቱ ተመረጠ ማለት ሰው ተመረጠ ማለትም አይደለም። በሩን የከፈተውን መጠየቅ ከለመድን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ቤት የሚገኙትን አረጋውያንና የቤት እመቤቶች ብቻ ሰብስበን እንቀራለን። ውጭ አገር ልደቱ በቅርብ የተከበረውን ሰው መምረጥ የተለመደ ነው፤ የልደት ቀኑን የማያውቅ ሰው በሚበዛበት አካባቢ ግን አያዋጣም። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ሌስሊ ኪሽ በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ከቤቱ አዋቂዎች አንዱን የሚመርጥ ሠንጠረዥ፣ ወይም የአዋቂዎቹን ስም ጽፎ ዕጣ ማውጣት ይሻላል። የተመረጠው ሰው ከሌለ ጎረቤቱን መተካት ክልክል ነው፤ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት መመለስ ያስፈልጋል፦ አንዱ ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ፣ አንዱ በዕረፍት ቀን። ሐሙስ ነጋዴ አይገኝም፣ ዓርብ ቀትር ላይ የጁምዓ ሰዓት ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ብዙው ሰው ቡና ለቀማ ላይ ነው።

አሁን ወደ መጠይቁ። የሁሉም ተማሪ መጠይቅ ላይ ያለችውን «ወርሃዊ ገቢዎ ስንት ነው?» የምትለውን እንያት። ቡና ያለው ሰው ገንዘቡን በዓመት አንዴ ያያል፤ ጫት የሚሸጠው በሳምንት፣ ጉሊት የምትውለው በየቀኑ። ሦስቱም ለወር የሚሰጡት ቁጥር እዚያው በር ላይ የተፈጠረ ነው። ከተማሪው ጎን የቀበሌ ሠራተኛ ከቆመ ደግሞ ነጋዴው ግብር መጣ ብሎ ይቀንሳል፤ ድሃው እርዳታ ሊመዘገብ ነው ብሎ ያለውንም ይደብቃል። መንገድ የሚመራው የቀበሌ ሠራተኛ አስተዋውቆ ከግቢው በር ይመለስ። ገቢ ሰውየው በሚያገኝበት ዙር ይጠየቅ፤ ስሌቱን ተማሪው በኋላ ቤቱ ይሥራው። ባለፉት 7 ቀናት ለምግብ የወጣው፣ በየዙሩ የሚከፈለው ዕቁብ፣ የጣራና የወለል ዓይነት ከአፍ ገቢ የተሻለ ይናገራሉ። ጥያቄውም መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ሰው ገና ሳይግባባ ስለ ገንዘብ አይጫወትም። የቤተሰብ ቁጥር ሲጠየቅም «ትናንት ማታ እዚህ ቤት ማን ማን አደረ?» ማለት፣ ዓረብ አገር ያለችውን ልጅ ጨምሮ ከመቁጠር ያድናል።

መጠይቁ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ መረጃ ሰብሳቢው በር ላይ ቆሞ በአፉ ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ አማርኛ የሚመልሰው ከሆነ፣ ሦስት ሰብሳቢዎች ሦስት የተለያየ ጥያቄ ጠየቁ ማለት ነው። በሁለቱም ቋንቋ አስቀድሞ ይጻፍ፤ እንግሊዝኛውን ያላየ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይተርጉመው፤ ልዩነቱ እዚያ ይታያል።

ስለ ቃለ መጠይቅ አንድ ነገር እንጨምር። እኛ አገር ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። ስለ ትዳር ጠብ ወይም ስለ ብድር የተጀመረ ጨዋታ ጎረቤት ሲገባ መልኩን ይለውጣል፤ ሴትዮዋ ትናገራለች እንጂ የምትናገረው ለጠያቂዋ ሳይሆን ለጎረቤት ነው። ከባዱ ጥያቄ ከአቦሉ በፊት ይጠየቅ፣ ካልሆነም ሌላ ቀን ይቀጠር። በቡድን ውይይትም ከ6 እስከ 10 ሰው በቂ ነው፤ ወጣቱን ከዕድር ዳኛው፣ ሚስትን ከባል ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ ሐሳብ መጠበቅ ግን አይገባም።

ለአማካሪዎች ያለን ጥያቄ ግልጽ ነው። ተማሪው በእግሩ ዞሮ የሠራውን የቤት ዝርዝርና ከጥናቱ ቦታ ውጭ በጥቂት ሰው ላይ የሞከረውን መጠይቅ ሳታዩ አትፈርሙ። በሙከራው ተጠያቂው የትኛው ጥያቄ ላይ «ምን ማለት ነው?» እንዳለ ዳር ላይ ተጽፎ እዩ። ምዕራፍ ሦስት ውስጥም ስንት በር እንደተንኳኳ፣ ስንቱ እንደተዘጋ፣ ስንቱ ሰው ሦስት ጊዜ ተሂዶ እንዳልተገኘ በቁጥር ይግባ። 330 ተመርጦ 262 የመለሰበት ጥናት ይህን በግልጽ ሲጽፍ ነጥብ አይቀነስበት፤ ተማሪዎች ያልተገኘውን በጎረቤት የሚሞሉት ቅነሳውን ፈርተው ነውና።

የማኅበራዊ ጥናት ዘዴ መምህራን
ጅማ