ዋንዛውን ከማስመታትዎ በፊት

ባሕር ዳር፣ የካቲት 3 ቀን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ደብረ ማርቆስ።

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ሆንሁ ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ነገሩን በስልክ መናገር እችል ነበር፤ ነገር ግን ረዘም ስለሚል፣ ደግሞም ቆራጮቹ ሲመጡ አውጥተው እንዲያነቡላቸው ስለፈለግሁ በጽሑፍ አደረግሁት። ጉዳዩ የግቢያችን ዋንዛ ነው።

ባለፈው እሑድ «ጫፉ እየደረቀ ነው፤ አርጅቷልና ከክረምቱ በፊት አናቱን አስመትቼ ላሳጥረው ነው» ሲሉኝ ዝም ያልሁት ተስማምቼ አልነበረም። እኅቴ የላከችልኝን ፎቶ ለአንድ የደን ባለሙያ ወዳጄ አሳየሁት። እርሱም የደረቀውን ጫፍ ትቶ ግንዱ ከመሬት የሚገናኝበትን ቦታ ያይ ጀመር። ያረጀ ዛፍ ከታች ሰፋ ብሎ፣ ሥሮቹ ከግንዱ ሲነሡ ሊታዩ ይገባል፤ የእኛው ግን እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ ሲሚንቶ ውስጥ ገብቷል። «ይህ ግቢ የተለሰነው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

የተለሰነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ገንዘቡን የላክሁትም እኔ ነኝ። እማማ በሐምሌ ጭቃ አዳልጧት ከወደቀች በኋላ በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ግንበኞቹ መሬቱን ለማስተካከል ሁለት ስንዝር ያህል አፈር ሞሉና በላዩ ሲሚንቶውን እስከ ግንዱ ድረስ አለበሱት። የዛፍ ሥር ሁሉ ወደ ታች የሚጠልቅ ይመስለናል እንጂ፣ ውኃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ያሉት በላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፈው ይሄዳሉ። እነዚህ ሥሮች አየር ካላገኙ ይሞታሉ። ዛፉ ግን ያጠራቀመው ስንቅ ስላለው ጉዳቱ ወዲያው አይታይበትም፤ ዓመታት ቆይቶ ከሥሩ እጅግ የራቀው ጫፍ መድረቅ ይጀምራል። እንግዲህ ለዋንዛው መድረቅ ዕድሜውን ብቻ ጥፋተኛ አናድርገው፤ እኔም አለሁበት።

የቤተ ክርስቲያናችንን አጸድ ያስቡት። ወይራውና ጥዱ ያን ያህል ዘመን የቆሙት ምሳር ስላልነካቸው ብቻ ሳይሆን፣ የረገፈው ቅጠል እዚያው ወድቆ እዚያው ስለሚበሰብስ፣ መሬቱም ስለሚተነፍስ ነው። እኛ ቤት ግን ቅጠሉ በየጠዋቱ ተጠርጎ ይቃጠላል። (ከመስከረም በኋላ ነጩ አበባ ግቢውን ሲያለብሰው እማማ ንቦቹን እያማረረች መጥረጓን እንዳልተወች እኅቴ ነግራኛለች።)

እርሻ ላይ በነበሩበት ጊዜ ዋንዛ እየመለመሉ ለማገዶ ይወስዱ እንደነበር፣ እርሱም መልሶ ያቆጠቁጥ እንደነበር አልረሳሁም። ያ ግን ከለጋነቱ ጀምሮ መመልመል የለመደ ዛፍ ነበር። ያልለመደ ትልቅ ዛፍ አናቱ ሲመታ ሰፊው ቁስል ሳይገጥም እየበሰበሰ ይወርዳል፤ ከዳሩ የሚያቆጠቁጡት አዳዲስ ቅርንጫፎችም የተያያዙት ከላይ ከላይ ስለሆነ፣ ሲወፍሩ በክረምት ነፋስ የሚገነጠሉት እነርሱ ናቸው። ለቆርቆሮው ፈርተን ያሳጠርነው ዛፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይበልጥ የሚያስፈራ ይሆናል ማለት ነው።

በጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉት ደረቅ ቅርንጫፎች ግን መውረድ አለባቸው። ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ፣ አስቀድሞ ቀንበጡ በጥፍር ይፋቅ፤ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው። ቆራጩ መጀመሪያ ከግንዱ ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ ከታች በኩል በመጋዝ ጥቂት ያስገባ፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቁረጥ፤ ያን ጊዜ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ገሽልጦ አይሄድም። የቀረውን ጉቶ በመጨረሻ ሲያነሣ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚነሣበት ቦታ ያለችውን እንደ አንገትጌ ያበጠች ቀለበት ሳይነካ ከእርስዋ ወጣ ብሎ ይቁረጥ፤ ቁስሉ የሚሸፈነው ከዚያች ቀለበት ተነሥቶ ነው። የተቃጠለ ዘይትም ሆነ ቀለም አይቀባ፤ እርጥበት ይዞ ከማቆየት በቀር ጥቅም የለውም። በመንታው ላይ ያለውን ቀዳዳ በሲሚንቶ እንድፈነው ያሉዎትንም ሰው አይስሟቸው፤ ዛፍ በነፋስ ይወዛወዛል፣ ሲሚንቶ አይወዛወዝም። ግንዱን ዋጥ ያደረገው የልብስ ማስጫ ሽቦም አይጎተት፤ ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ ይተው።

ሲሚንቶውን ለፋሲካ ስመጣ ራሴ እሰብረዋለሁ። ከግንዱ ዙሪያ ቢያንስ ሁለት ሜትር፣ ከተቻለም እስከ አጥሩ እንከፍተዋለን፤ የተሞላውንም አፈር ሥር እንዳይቆረጥ በእጅ እያወጣን፣ ግንዱ ሰፋ የሚልበት እስኪታይ ድረስ እንሄዳለን። ከዚያ አራት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ገለባና ቅጠል ይለብሳል፤ ግንዱን ግን አይንካው። እማማ የምትመላለስበትን ከማድ ቤት እስከ በር ያለውን መንገድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በአሸዋ ላይ አነጥፍበታለሁ፤ ውኃም አየርም በመካከሉ ያልፋል።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ ዋንዛው በማንኛውም ዋጋ ይትረፍ አልልም። ከግንዱ ሥር እንጉዳይ ከበቀለ፣ ወይም በነፋስ ጊዜ በአንድ በኩል መሬቱ ሲነሣ ካዩ፣ ሥሩ በስብሷልና ይቆረጥ የምለው እኔው ነኝ። ለማንኛውም እስከ መስከረም ድረስ አልጋችሁን ከትልቁ ቅርንጫፍ ሥር ካለው ክፍል ወደ ሳሎኑ አዛውሩልኝ። እርስዎም መሰላል ላይ እንዳይወጡ አደራ እላለሁ፤ ለእማማም ነግሬያታለሁ፣ ትጠብቅዎታለች።

ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪ ልጅዎ