ለይሉኝታ ብለሽ አፍንጫሽን አትግለጪ

ደብረ ብርሃን
ግንቦት 18 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለትዕግስት፣

እንዴት ነሽ ልጄ? ጤናሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ወንድምሽ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ከቤት አይወጣም፤ ከእናትሽ ጋር ሲነታረክ ይውላል። ልደትሽን በስልክ ብቻ ማክበራችን ቅር ብሎናል። ግንቦት ልደታ በእኛ ቤት ድርብ በዓል እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ የማርያምም ያንቺም። ዘንድሮ ግን ጎረቤት አልተሰበሰበም። እናትሽ ንፍሮውን ደጅ ቀቅላ ለየቤቱ በሳህን እያደረገች በአጥር ላይ አቀበለች። እትዬ ዘነቡ ከወዲያ ማዶ ቆመው «ዕድሜ ይስጣት» ብለው መረቁሽ።

አሁን ወደ ተነሳሁበት ልምጣ። የእትዬ ዘነቡ ልጅ ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሷል። ስኳር ሊገዛ አንቺ የምትሠሪበት ሱፐርማርኬት ገብቶ አይቶሻል። ሰላም ሊልሽ ፈልጎ ሰልፉ ስለበዛ ተወው። ለእናትሽ ሲነግራት «ትዕግስት ደህና ናት፣ አምሮባታል፣ ማስኳን አገጯ ላይ አድርጋ ሂሳብ ስትሠራ አየኋት» አላት። ደስ ሊያሰኛት ብሎ ነው። እናትሽም ደስ አላት። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ደውዬ ልቆጣሽ ነበር። ግን በስልክ ስቆጣሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ደግመሽ ማንበብ ትችያለሽ። ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ ዛሬውኑ በቴሌግራም ይልክልሻል፤ ዋናውን ከዕቃው ጋር የሚመጣ ሰው ያደርስልሻል።

ትዕግስቴ፣ አፍንጫሽን ሸፍኚ። ከዚህ ደብዳቤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋብሽ ይህቺ አትጥፋብሽ።

ለምን እንደምታወርጂው ነግረሽኛል። «አባዬ፣ ትልልቅ ሰዎች አይሰሙኝም። 'ምን አልሽ ልጄ' ሲሉኝ ዝቅ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። ሸፍኜ ስመልስላቸው ኩራት ይመስላቸዋል» ብለሻል። ይገባኛል። ሰው አክባሪ አድርገን ያሳደግንሽ እኛው ነን። ግን ልጄ፣ እኚያ እማማ ስምንት መቶ ብር መሆኑን ለመስማት ያንቺን ባዶ ፊት ማየት የለባቸውም። የሂሳብ ማሽኑ ወደ ደንበኛው የዞረ ማሳያ አለው አይደል? በጣትሽ አሳዪያቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፊላቸው። አንድ እስክሪብቶና የደረሰኝ ጀርባ ይበቃል። ማስክሽን ዝቅ አድርገሽ ስታወሪያቸው ያከበርሻቸው ይመስልሻል። በሽታው የሚበረታው ግን በእሳቸው ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ጤና ጣቢያ ነው የሠራሁት። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ያለበትን ክፍል መስኮት ክረምት ከበጋ ከፍተን ነበር የምንሠራው። ስለዚህ ትንፋሽ ምን ይዞ እንደሚሄድ ከሬዲዮ አልሰማሁትም። ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ ብቻ አይደለም የሚረጨው። ሲያወራም፣ ሲስቅም፣ በሂሳብ ሲከራከርም ዓይን የማያየው ጠብታ ይወጣል። አፍሽን ሸፍነሽ አፍንጫሽን ክፍት ስትተዪው በሩን ቆልፎ መስኮቱን ከፍቶ እንደተኛ ሰው ሆንሽ ማለት ነው። አገጭ ላይ ማድረጉ ደግሞ ይብሳል። አንገትሽ ላይ ያረፈውን ሁሉ ማስኩ በውስጥ በኩል ይሰበስብና መልሰሽ አፍሽ ላይ ታደርጊዋለሽ።

በር ላይ ያለው ዘበኛ የሰውን ሙቀት እየለካ ስለሚያስገባ አትመኪ። እሱ ግንባር ላይ የሚደቅነው መለኪያ የሚያየው ትኩሳትን ነው። ይህ በሽታ ሰው ውስጥ እስከ 14 ቀን ሊደበቅ ይችላል። ምንም ሳያመው የሚያስተላልፍም አለ። ከፊትሽ ቆሞ ዘይትና ፓስታ የሚያስቆጥረው ጎበዝ ጤነኛ ይመስላል፣ እሱም ጤነኛ ነኝ ብሎ ነው የመጣው። የእሱ ማስክ አንቺን ይጠብቃል፣ ያንቺ ማስክ እሱን። አንዱ ካወረደው ሥራው በግማሽ ይቀራል።

መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ሲባል አንድ የውጭ አገር ዜጋ ብቻ ነበር። ያን ሰሞን ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ እንዴት እንደተወደደ አንቺ ራስሽ ነግረሽናል። ሰዉ ሱፐርማርኬቱን ሊያራግፈው ነው ብለሽ ደንግጠሽ ደውለሽ ነበር። በወሩ እንኳ ሳይሞላ የሞተ ሰው ተነገረ። ፋሲካን ቅዳሴ በቴሌቪዥን አይተን ዋልን። አሁን የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ በየቀኑ የምትነግረን ቁጥር እየጨመረ ነው፣ ሰዉ ግን እየለመደው ነው። እኔን የሚያስፈራኝ መልመዱ ነው። መጋቢት ላይ አራት ጊዜ እጅሽን ታጥበሽ ነበር ወደ ቤት የምትገቢው። አሁንስ?

ርቀቱንም ነገር አስቢበት። መሬት ላይ የተለጠፈው ቢጫ ፕላስተር ተልጦ አልቋል ብለሽኛል። ለአለቃሽ ንገሪውና ያስለጥፍ። እምቢ ካለ አንቺው ከመደርደሪያ አንድ ጥቅል ገዝተሽ ለጥፊው፣ ብሩን እኔ እሰጥሻለሁ። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሰውና በሰው መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይሁን ብሏል። ሰው ሲጠጋሽ «ራቅ በሉ» አትበዪ፣ ይቀየማሉ። «አዋጁ ነው አባባ፣ እኛንም ይቀጡናል፣ እዚያች መስመር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ» በይ። በአዋጅ ማንም አይቀየምሽም። ጋሪ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ጋሪውን ከፊቱ ያድርገው። ያኔ ሳይጣሉ ይራራቃሉ።

አለቃሽ «ደንበኛ አታስቀይሙ» እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሥራውን ተይው አልልሽም። የአክስትሽን የስኳር መድኃኒት የምትገዢው አንቺ ነሽ፣ የወንድምሽንም ደብተር እንዲሁ። ደግሞስ ሁሉም ቤቱ ይቀመጥ ቢባል ዱቄትና ሳሙና የሚሸጥ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ስለ ሐኪሞች ብዙ ይወራል፣ ይገባቸዋል። ስለ ካሸር ግን የሚያወራ አልሰማሁም። በቀን የስንት ሰው ትንፋሽ ፊትሽ ላይ እንደሚያልፍ ማን ቆጠረልሽ? ስለዚህ ራስሽን ጠብቂ። አፍንጫሽን ሸፍኚ።

አክስትሽን ካነሳሁ አይቀር፣ አንቺን ወጣት ነሽና ጉንፋን መስሎ ሊያልፍሽ ይችላል። እሷ ግን ስኳር አለባት። ከሥራ ስትገቢ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ ከዚያ ሰላም በያት። እንደ ድሮው አገላብጠሽ አትሳሚያት። ታኮርፍ ይሆናል። ታኩርፍ።

እህቴን እታለምን በፎቶ ብቻ ነው የምታውቂያት። ሳሎን ውስጥ ከአያትሽ ፎቶ ጎን ያለችው፣ ሹሩባ የተሠራችው ልጅ። በማጅራት ገትር መሞቷን ታውቂያለሽ። እንዴት እንደሆነ ግን ነግሬሽ አላውቅም፣ አያትሽ በሕይወት እያሉ ማንሳት አልወድም ነበር።

1981 ዓ.ም. ነው። ማጅራት ገትር አገሩን አዳርሶታል። እኔ ገና አዲስ ጤና ረዳት ነበርኩ። ያም በሽታ በአፍና በአፍንጫ ጠብታ ነው የሚተላለፈው፣ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ቤት ይዛመታል። ለክትባት ወደ ቆላው ወረዳ መደቡን። ከቀበሌ ቀበሌ በእግራችን ነበር የምንሄደው። ማስክ የሚባል ነገር አልነበረንም፣ ፋሻ ደራርበን አፍና አፍንጫችንን እናስር ነበር። ከዚያ ሆኜ ለቤት መልእክት ላክሁ። ለትንሽ ጊዜ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም አትሂዱ፣ ዝናቡ ሲገባ በሽታው ይበርዳል ብዬ።

በመሃል ጎረቤት ሰው ሞተ። በዚያው በሽታ ነው የሞተው። አያትሽ ያን ሰሞን ወገባቸውን አሟቸው ተኝተው ነበር። መልእክቴ ደርሷቸዋል። ግን «ከቤታችን አንድ ሰው እንኳ ካልተገኘ ሰው ምን ይለናል?» ብለው እታለምን ላኳት። ሦስት ቀን እዚያ አደረች። ውሃ ቀዳች፣ ቡና አፈላች፣ ሌሊት ከሌሎቹ ልጆች ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ተኛች። ሳምንት ሳይሞላት ራሴን አለች፣ ተኮሰች፣ አንገቷ ተገተረ። 16 ዓመቷ ነበር።

እኔ ስደርስ አርባዋ ሊወጣ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ስልክ የለም፣ መኪና የለም፣ ማን ይንገረኝ? ስንቱን ልጅ ክንዱን ይዤ ከትቤያለሁ። የእሷን ክንድ አልያዝኩትም። ቤት ስገባ ቀይ የላስቲክ ጫማዋ በሩ ጥግ እንደተቀመጠ ነበር፣ አንዱ ተገልብጦ። አያትሽ አላነሱትም፣ ማንም እንዲያነሳውም አልፈቀዱም።

አያትሽን ማንም አልወቀሳቸውም፣ እኔም አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣኝም። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ «እኔ ነኝ የላክኋት» ሲሉ ኖሩ። ክፋት አልነበረም። ይሉኝታ ነው። አሁን አንቺ ለእኚያ እማማ ብለሽ ማስክሽን ስታወርጂ ያችኑ ይሉኝታ ነው የማየው። ለይሉኝታ ብለሽ አፍንጫሽን አትግለጪ፣ ልጄ። እለምንሻለሁ። አባት ልጁን ይለምናል ወይ ካልሽ፣ አዎ ይለምናል።

የት ደርሼ ነበር? ስለ ፌስታሉ ልነግርሽ ነበር። የእትዬ ዘነቡ ልጅ ይህንንም አይቷል። ጣትሽን በምራቅሽ እያረጠብሽ ፌስታል ትከፍቻለሽ። ብሩንም እንደዚያው ትቆጥሪያለሽ። ትዕግስት! ያ ብር ከስንት ኪስና ከስንት መቀነት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ባንክ ቤት ያሉትን አላየሽም? እርጥብ ስፖንጅ በትንሽ ሳህን ፊታቸው ያስቀምጣሉ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ዛሬውኑ።

እናትሽ አምስት ማስክ ሰፍታልሻለች። አቡጄዲ ነው፣ በደንብ የታጠበ፣ ድርብ። ለአፍንጫሽ እንዲገጥም ከላይ ቀጭን ሽቦ አስገብታበታለች። ሽቦውን አፍንጫሽ ላይ ጨመቅ አድርጊው፣ አየር በጎን አይግባ። ሁለቱን ይዘሽ ውጪ፤ አንዱ በትንፋሽ ሲረጥብ ቀይሪው፣ የረጠበ ማስክ ጥቅም የለውም። ስታወልቂ የጆሮውን ክር ብቻ ያዢ፣ ፊቱን አትንኪ። ማታ በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቢና ፀሐይ ላይ አስጪ። ክረምቱ ሲገባ በካውያ ተኩሺው። ለጓደኞችሽ ማዋስ የለም፣ ካነሳቸው እናትሽ ሌላ ትሰፋለች።

ዕቃው ውስጥ በሶና ቆሎ አለ። ምሳሽን ስትበዪ ማስክ የምታወልቂበት ሰዓት ነውና ሁላችሁም አንድ ላይ ተሰብስባችሁ አትብሉ። ተራ በተራ ብሉ፣ ቢቻል ደጅ። ጉርሻ የለም። ይህ እንኳ ያሳዝነኛል፣ ግን የለም።

ታክሲውም ግማሽ ሰው እየጫነ እጥፍ እንደሚያስከፍልሽ አውቃለሁ። ገንዘቡ ከበዛብሽ ንገሪኝ እንጂ ሞልቶ የመጣ ታክሲ ውስጥ አትግቢ። ካሳለሽ፣ ካተኮሰሽ፣ ወይ ሽታ ከጠፋብሽ ሥራ እንዳትሄጂ። 8335 ደውዪ፣ ነፃ ነው። አለቃሽ ደመወዝ እቆርጣለሁ ካለ ይቁረጥ። የአክስትሽን መድኃኒት ያን ወር እኛ እንገዛለን።

እሑድ ማታ ደውዪልን። በምስል ይሁን፣ ሥራ ቦታ እያለሽ፣ ከመውጣትሽ በፊት። ማስኩን እንዴት እንዳደረግሽው ላየው እፈልጋለሁ። እናትሽም የሰፋችው ልክ መሆኑን ልታይ ትፈልጋለች። ደግሞ የእትዬ ዘነቡን ልጅ እንዳትቆጪው፣ እሱ ምንም አላጠፋም።

የምወድሽ አባትሽ

በተረፈ፦ ባዶውን የበሶ ጣሳ መልሰሽ ላኪ፣ የእትዬ ዘነቡ ነው።