ከሥር ተኝቼ ድምፅህን ሰማሁ

ላስ ቬጋስ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ወንድምዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ጋራዡ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በደብዳቤ ብቅ ማለቴ እንደሚገርምህ አውቃለሁ። ምክንያቱን ሳልሸፋፍን ልንገርህ። እማማ ያረፉ ጊዜ መርዶውን የሰማሁት ጭነት ይዤ መንገድ ላይ ሳለሁ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ለቅሶን በስልክ መድረስ አነሰብኝ። ቤት ስገባ ተረጋግቼ እደውላለሁ አልኩ፤ አርባቸው አለፈ፣ ሙት ዓመታቸውም አለፈ፣ በዘገየሁ ቁጥር ስልኩን ማንሳት እየከበደኝ ሄደ። ከአንተ ጋር ከእጃቸው ጎርሼ ያደግኩ ልጃቸው ነኝና ቀድሜ መድረስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ብዕር ያስነሳኝ ጉዳይ ያንተ ሙያ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ተሳቢ የሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ጠጠር ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ በባትሪ ሻንሲ እያየሁ፣ ባልስትራው ከሚንጠለጠልበት ብረት አጠገብ አንድ ብየዳ አየሁ። እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። ከጎኑ ያለው አጋድም ብረት ደግሞ ሁለት ቦታ ብቻ ነጥብ ነጥብ ተይዞ፣ ቀሪው ሳይበየድ ጥቁር ቀለም ተረጭቶበታል። «ቀለሙን ተወውና ከሥሩ ግባ» ስትለኝ ያኔ ቃሊቲ የሰማሁትን ያህል ጥርት ብሎ ሰማሁህ። የጅቡቲ መንገድ የሰበራቸው ተሳቢዎች ሲመጡልህ፣ ሹፌሩ ስለ ካሶኒው ሲያወራ አንተ ቀድመህ ከሥር ትገባና በመዶሻ እየነካህ ታዳምጥ ነበር። እኔም ባትሪውን እይዝልህ ነበር።

የምገዛው ተሳቢ የጭነት አይደለም። እዚህ «ቶይ ሃውለር» ይሉታል። ፊቱ መኝታ፣ ማድ ቤትና መታጠቢያ ያለው ቤት ነው፣ ኋላው ጋራዥ። የኋላው ግድግዳ በሙሉ ወደ ውጭ ተዘርግቶ መወጣጫ ይሆናል፤ ሞተር ሳይክሉን እየነዱ ያስገቡታል። ሲመሽ ሞተሮቹ ይወጡና ከጋራዡ ጣሪያ አልጋ ይወርዳል። ትልቁ ልጄ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል፣ ነፍሱ ሞተር ላይ ነው። ከከተማችን በስተሰሜን ምሥራቅ ኔሊስ ዱንስ፣ ራቅ ሲል ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከቤከር በላይ ደሞንት ዱንስ የሚባሉ የአሸዋ ተራሮች አሉ። እኔ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው የምኖረው። አሸዋው ላይ እሳት አንድደን ባደርንባቸው ሌሊቶች ልጄ ያወራኝን ያህል ቤት ውስጥ ዓመት ሙሉ አያወራኝም። ስለዚህ ይኼ ነገር ለእኔ ቅንጦት አይደለም።

በፈረንጅ 2021 አንዱን ገዝቼ ተቃጥያለሁ። ኮሮና ሰዉን ወደ ካምፕ የሰደደበት ጊዜ ነበር፤ በዚያ ዓመት ብቻ አር.ቪ. የሚባሉት የመኖሪያ መኪኖችና ተሳቢዎች ከ600 ሺህ በላይ ሆነው ከፋብሪካ ወጥተዋል፣ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ቁጥር ነው። ሰው እየተሻማ ሲገዛ እኔም ከሥሩ ሳልገባ ፈረምኩ። ሁለተኛ ጉዟችን ላይ ሞተሩን በቀበቶ የምናስርበት የወለል ቀለበት ተነቅሎ ሞተሩ ግድግዳው ላይ ወደቀ። ቀለበቱን አንስቼ አገላበጥኩት። በአራት የእንጨት ቪቴ ብቻ ኮምፔንሳቶውን ነክሶ ነበር የቆመው፤ የሻንሲው ብረት ሦስት ጣት እንኳ አይርቅም፣ ማንም ግን እዚያ ላይ በብሎንና በዳዶ ላሰረው አላለም። ያን ቀን ልጄ ከፊት መኪና ውስጥ ባይሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ እስከ ዛሬ ይቀሰቅሰኛል። የአንድ ዓመቱ ዋስትና ባለቀ ማግስት ደግሞ የጎኑ ግድግዳ ማበጥ ጀመረ። ለገዢው ጉድለቱን አንድ በአንድ ነግሬ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት።

ግድግዳው ለምን እንደሚያብጥ ላስረዳህ፣ ይኼኛው እናንተ ጋ የለምና። ውጭውን የምታየው ለስላሳ ፋይበርግላስ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ላይ ተለጥፎ፣ ከኋላው ስፖንጅ የመሰለ ፎምና የአሉሚኒየም ቱቦላሬ አለ፤ ሁሉም በሙጫ ተጣብቆ እንደ አንድ ሰሌዳ ይሆናል። ሲያዩት ያምራል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። በመስኮት ጥግ ወይም በጣሪያ ጠርዝ ጠብታ ውሃ ከገባ ግን ኮምፔንሳቶው ይጠጣል፣ ሙጫው ይለቃል፣ ቆዳው እንደ ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል። ከዚያ በኋላ ጥገናው ከባድ ነው። አንዳንዶቹ በኮምፔንሳቶው ፋንታ አዝዴል የሚባል ውሃ የማይጠጣ ሰሌዳ ይጠቀማሉ፣ ያ ይሻላል። የድሮው አሠራር ደግሞ አንተ የምታውቀው ነው፤ የሞራሌ አጥንት ቆሞ ላሜራ ይለብሳል። ሰዉ ይንቀዋል፣ እኔ አልንቀውም። ውሃ ቢገባ እንኳ ላሜራውን አውርደህ የበሰበሰውን ሞራሌ ቀይረህ ትመልሰዋለህ።

አሁን ግድግዳ የማየው ማለዳ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥግ ላይ ቆሜ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በርዝመቱ ሳየው፣ ቀትር ላይ የማይታይ እብጠት ጥላ ይጥላል። ከዚያ በመዳፌ እየተጫንኩ እሄዳለሁ። መወጣጫውን በር ዘግቼ፣ መብራት አጥፍቼ ውስጥ ቆሜ ብርሃን የሚያስገባበትን እፈልጋለሁ፤ ወረቀት ጎማው ላይ አስነክሼም እስበዋለሁ፣ እንደ ዋዛ ከወጣ በሩ አልገጠመም። የበሩን ታችኛ ሁለት ጥጎች በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፣ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጣሪያው ላይም በጉልበቴ እወጣለሁ። ቬጋስ በረሃ ነው፣ ዝናብ የለም ብለው ሊያሳምኑኝ ይሞክራሉ። ዝናቡ ባይኖርም ፀሐዩ በበጋ ከ45 ዲግሪ በላይ እየነደደ ማሸጊያውን ያሰነጥቀዋል፤ በዓመት አንዴ ዶፍ ሲወርድ ውሃው የተከፈተ በር ነው የሚያገኘው።

ስሙን አይቼ እንዳልገዛ ያደረገኝ ሌላም ነገር አለ። ኢንዲያና ውስጥ ኤልክሃርት የሚባል አካባቢ አለ፣ የአሜሪካ አር.ቪ. አብዛኛው የሚሠራው እዚያ ነው። ጭነት አድርሼ አውቃለሁ፤ ፋብሪካው ከፋብሪካ አጥር ለአጥር ነው። ደጃፉ ላይ የምታየው ስም ብዙ ነው፣ ባለቤቱ ግን ጥቂት። ኪይስቶንም፣ ጄይኮም፣ ኤርስትሪምም ቶር የሚባል የአንድ ኩባንያ ናቸው፤ ፎረስት ሪቨርን ደግሞ የዋረን በፌት ቤርክሻየር ሃታዌይ በፈረንጅ 2005 ገዝቶታል። ብዙዎቹ ሻንሲና አክሱን ራሳቸው አይሠሩም፣ ከአቅራቢ ይገዛሉ። በሩ አጠገብ የሚለጠፈው የማኅበራቸው ምልክትም የኤሌክትሪኩ፣ የጋዙና የቧንቧው መስመር፣ የእሳት ጥንቃቄውም ደንቡን መከተሉን ነው የሚናገረው እንጂ ብየዳው ስለ መያዙ፣ ግድግዳው ስለ መጥበቁ አይደለም። ብዙ ሰው እሱን አይቶ ልቡን ያሳርፋል።

ቅዳሜ ያየኋቸው ሦስት ናቸው። አንደኛው ያ ብየዳው የተበሳሳው ነው፤ አዲስ ነው፣ ውስጡ የሆቴል ክፍል ይመስላል፣ እሱን ትቼዋለሁ።

ሁለተኛውም አዲስ ነው። ብየዳው ንጹሕ፣ ግድግዳው አዝዴል፣ የወለሉ ቀለበቶች ሻንሲው ላይ በብሎን የታሰሩ። የባልስትራው ቦኮላ፣ ፒኑ የሚገባበት ቀለበት፣ ነሐስ ነው፣ ፒኑም ግራሶ መስጫ አለው፤ በብዙዎቹ ላይ ፕላስቲክ ቦኮላ ነው ያለው፣ ቶሎ ይበላል። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቢጫውን ወረቀት እስካነብ ድረስ። የሚችለው ጭነት 2,900 ፓውንድ ነው፣ በእኛ 13 ኩንታል። አሁን አስላው፤ አሸዋው ላይ የምንነዳት፣ ለሁለት ሰው የምትሆነው መኪናችን ወደ 7 ኩንታል ናት፣ 100 ጋሎን ውሃ ወደ 4፣ የ30 ጋሎን ቤንዚን አንድ ያህል፣ የልጁ ሞተር አንድ። አለቀ። ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለመሣሪያ ምንም አልቀረ። ስንቱ ሰው ይኼን ሳያሰላ ሞልቶ አውራ ጎዳና ላይ ይወጣል መሰለህ።

ጭነቱ የሚቀመጥበትም ቦታ አለ። ጋራዡ ከአክሱ ኋላ ስለሆነ ሞተር ሲጫን ከፊት ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ጋንቾ ይቀላል። በዚህ ዓይነቱ ተሳቢ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት፤ ካነሰ ጭራው ይወዛወዝና መኪናውን ይዞት ይሄዳል። ያኔ አዋሽ አጠገብ ያየነውን ተሳቢ ታስታውሳለህ? ስለዚህ የምገዛውን ጭኜ ከባድ መኪና የሚመዘንበት ካት ሚዛን ላይ ሳላወጣ ልጆቼን አላሳፍርም።

ሦስተኛው ነው ልቤን የያዘው፣ ያስጨነቀኝም እሱ ነው። ያገለገለ ነው፣ በፈረንጅ የ2019 ሥሪት፣ ሞራሌና ላሜራ። 4,100 ፓውንድ ይጭናል፣ ከ18 ኩንታል በላይ። ጎማው ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አየሁ፣ 2324 ይላል፤ የ2024 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ማለት ነው፣ ገና አዲስ። ጣሪያው በየጊዜው እንደታሸገ ያስታውቃል፣ የበሩ ጥግ ድንጋይ ነው። መኝታ ቤቱንና ጋራዡን የሚለየው ግድግዳም በሩ ግጥም ይላል። ይኼን አጥብቄ ነው የማየው፤ ልጆች የሚተኙበት ቤት ውስጥ የቤንዚን ሽታ ማደር የለበትም፣ አልጋው ሲወርድ ሞተሮቹም ጀሪካኑም ውጭ ናቸው።

ግን በግራ በኩል፣ የኋላው ባልስትራ ማንጠልጠያ ላይ የሰው እጅ ገብቶበታል። ከፋብሪካ ያልመጣ የጣት ውፍረት ሊኖረው የሚችል ሦስት ማዕዘን ብረት ተጨምሮ ተበይዷል። ብየዳው ያምራል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የሄደ ነው፣ አንተ የበየድከው ነበር የመሰለኝ። ሻጩ ማጠናከሪያ ነው ይላል። እኔ ግን ብረቱ ቀድሞ ተሰንጥቆ እንደሆነ አላወቅኩም። በጥፍሬ ስፈትሸው ከብየዳው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ወጣ ብሎ ፀጉር የመሰለ መስመር አገኘሁ። የቀለም ስንጥቅ ይሁን የብረት፣ ባትሪውን በየት በኩል ብይዘውም ሊለይልኝ አልቻለም።

ሰባት ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። በአራተኛው ላይ መስመሩ አጠገብ የእጄን ጣት አድርጌያለሁ፣ ልኩን እንድታውቅበት። ቀለሙን በብረት ብሩሽ ፍቄ ላየው ሻጩን አስፈቅጃለሁ፤ እስከ ማክሰኞ ለማንም እንዳይሸጠው ቃል ሰጥቶኛል።

እሑድ ማታ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ጋራዡን ከመክፈትህ በፊት እደውልልሃለሁ። መጀመሪያ ስለ እማማ እናወራለን፣ ከዚያ ስለ ብረቱ ትነግረኛለህ።

ናፋቂ ወንድምህ