ከያንጎን፣ ምያንማር፣ ለእህት ዓለም

እህት ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? መልስ ሳልሰጥሽ ይህን ያህል ጊዜ መጥፋቴን ይቅር በይኝ። ተቆጪ፣ ግን እያነበብሽ ተቆጪ፤ ድሮም ብታኮርፊ ወሬ አያመልጥሽም።

አርግዣለሁ። ሰባተኛ ወሬ ገብቷል። የባለፈውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ አፌን ዘግቼ የቆየሁት ለዚያ ነው።

ያስጨነቀኝ የአከራያችን ነገር ነው። እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። ጠዋትና ማታ ከቡድሃው ምስል ፊት ተንበርክከው በፓሊ፣ በመጽሐፋቸው ቋንቋ፣ ሲደግሙ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል። ለጥበቃ የሚደገሙት 11 ናቸው፤ ለእባብ የሚደገም አለ፣ ለእሳት አለ፣ ለበሽተኛም አለ። ከነዚሁ አንዱን፣ የፍቅሩን ድጋም፣ በፈረንጆቹ 2007 መነኮሳቱ በዚሁ ከተማ ጎዳና ላይ እየደገሙ አገሩን በሚገዙት ወታደሮች ፊት ሰልፍ ወጥተውበታል። ሴትዮዋ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ለምጥ የሚደገመው የአንጉሊማላ ነው። ሽፍታ ነበር፤ የገደላቸውን ሰዎች ጣት ሰክቶ አንገቱ ላይ የሚያጠልቅ። ከመነኮሰ በኋላ ምጽዋት ሲለምን ምጥ የጠናባት ሴት አየና ለቡድሃ ነገረው። «ሂድና ‹ከተወለድኩ ጀምሮ አውቄ ነፍስ አላጠፋሁም፤ በዚህ እውነት አንቺም ፅንስሽም ደህና ሁኑ› በላት» አለው። «ውሸት አይሆንብኝም ወይ? ስንቱን ገድያለሁ» አለ። «እንግዲያው ‹በቅዱሱ ልደት ከተወለድኩ ወዲህ› በል» አለው፤ ከመነኮሰ ወዲህ ማለቱ ነው። ሄዶ አላት፤ ዳኑ። እኔ ይህን ስሰማ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ደም ያፈሰሰ ሰው አንዲት እውነት ብቻ ቀርታው፣ እሷን ለማያውቃት ሴት መስጠቱ!

አሁን መነኮሳት ሊጠሩልኝ ነው። ነጭ ክር ከውሃው ማሰሮ ጋር አያይዘው፣ ክሩን ይዘው ይደግማሉ፤ ከዚያ ውሃውን እጠጣለሁ፣ ክሩ እጄ ላይ ይታሰራል። አንገቴ ላይ ግን ማተቤ አለ። ባሌን ብጠይቀው «አንቺ ያልሽው» ብሎ ዝም።

እምቢ ልበል? እንዴት ብዬ... መጽሐፋቸው ድጋሙ ላላመነ ሰው አይሠራም ይላል። እንግዲያው ለኔ ተራ ውሃ ነው ብዬ ልጠጣው አልኩና እሱም ከበደኝ። እኚህን የመሰለ ሴት ሌሊት ተነስተው የጸለዩበትን ተራ ውሃ ልለው አልቻልኩም። ቁጭ ብዬ ልስማላቸው፣ ውሃውንና ክሩን ግን በፍቅር ልተው እያልኩ ነው፤ ደግሞ ፊታቸውን ሳይ ልቤ ይሸበራል።

እናትሽን ጠይቂልኝ። ለንስሐ አባቴ መደወል ፈራሁ፤ እናትሽ ግን የኔን ልብ ያውቃሉ፣ አይፈርዱብኝም። ሌላም አለ፤ ልለው አፍሬ ነው እስካሁን የዞርኩት። ሰዓቴ ሲደርስ «ማርያም፣ ማርያም» የሚልልኝ ሰው እዚህ የለኝም። ትመጫለሽ? የቪዛውን ነገር ባሌ ይጨርሰዋል፤ የአውሮፕላኑንም እኛ እንችላለን። ቶሎ መልሺልኝ፣ መነኮሳቱ የሚመጡት በሚቀጥለው እሑድ ነው።

ያንቺው