የሄርዉድ ሀውስ ገንዘብ ከየት መጣ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስለ እንግሊዝ የገጠር መኳንንት ቤቶች ያወጣችሁትን አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ዮርክሻየር ስላለው ሄርዉድ ሀውስ ያላችሁት ደስ ይላል፣ በ1759 ግንባታው መጀመሩን (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው)፣ አርክቴክቱ ጆን ካር መሆኑን፣ የውስጡን ጌጥ ሮበርት አዳም፣ ዕቃዎቹን ቶማስ ቺፐንዴል እንደሠሩት፣ ኬፐቢሊቲ ብራውን ያበጀው መስክና ሐይቅ ሳይቀር አለ። ግን ይሄ ሁሉ የተሠራበት ገንዘብ ከየት መጣ? "ሀብታም የነጋዴ ቤተሰብ" ብላችሁ አለፋችሁት፣ እኔን ያበሳጨኝ እሱ ነው።

ቤቱን ያሠራው የላሰልስ ቤተሰብ ሀብት በካሪቢያን ካለችው የያኔዋ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ከባርቤዶስ ነው የመጣው። ቤቱ የቆመበትን መሬት የገዛው ሄንሪ ላሰልስ ባርቤዶስ ውስጥ የጉምሩክ ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር፣ ስኳር ይነግዳል፣ ባሪያ ንግድ ውስጥም ገብቷል፣ ለሸንኮራ እርሻ ባለቤቶችም ያበድራል። ቤቱን ያሠራው ልጁ ኤድዊን ነው፣ በሱ ጊዜ ተበዳሪዎቹ መክፈል ሲያቅታቸው እርሻዎቹ ከነሰዎቹ ወደ ቤተሰቡ ዞሩ። አዎ ከነሰዎቹ፣ ሰው እንደ ዕቃ ለዕዳ ተያዘ ማለት ነው።

በ1833 እንግሊዝ ባርነትን በግዛቶቿ የሚያስቀር ሕግ ስታወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች፣ ካሳው ግን ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነው! የሄርዉዱ ባለማዕረግ ጌታ ለ1,277 ሰው 26,309 ፓውንድ ተቀበለ። ሰዎቹ ሳንቲም አልደረሳቸውም፣ ጭራሽ አብዛኞቹ "ተለማማጅ" ተብለው እስከ 1838 ለነዛው ጌቶች ያለ ደሞዝ ሲሠሩ ቆዩ። መንግሥት ለካሳው የተበደረው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው ደግሞ በ2015 ነው፣ ትናንት በሉት።

ቤቱ አያምርም እያልኩ አይደለም፣ ያምራል፣ ይፍረስም አላልኩም። ግን የአሁኑ የቤተሰቡ ራስ ዴቪድ ላሰልስ እንኳን ጉዳዩን በግልጽ ነው የሚያወራው፣ በ2023 የባሪያ አሳዳሪ ዘሮች ሆነው ይቅርታና ካሳ ይገባል ከሚሉት ጋር ማኅበር መሥርቷል፣ የናሽናል ትረስት ድርጅትም በ2020 ከሚያስተዳድራቸው ታሪካዊ ስፍራዎች 93ቱ ከባርነትና ከቅኝ ግዛት ጋር እንደሚያያዙ ራሱ አውጥቷል። እነሱ የሚናገሩትን እኛ በአማርኛ ስንጽፍ የምንሸፍነው ለማን ብለን ነው?

ስለዚህ ቀጣይ ክፍል ካለው ከጣሪያው ጌጥ ጎን እነዛን 1,277 ሰዎች ጻፉልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ