እማዬ፣ ስለ ጉልበትሽ ማስታገሻ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ እንቅልፍ እየነሳሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ማስታገሻ አትውሰጂ አልልሽም፤ ግን ሳንባው ለታመመ ሰው ሁሉም ኪኒን እኩል አይደለም።

መጀመሪያ የሚሞከረው ፓራሲታሞል ነው። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን አንድ ፍሬ ዋጪ፣ ካልበቃሽ ሁለት። ቀጣዩን ለመውሰድ 6 ሰዓት ጠብቂ፤ በ24 ሰዓት ከ6 ፍሬ አትለፊ። ክብደትሽ ከ50 ኪሎ ካነሰ ግን ልኩን ሐኪም ይወስንልሽ። ብዙዎቹ የጉንፋን ኪኒኖችም ፓራሲታሞል አለባቸው፤ ሳታውቂ ደርበሽ ብትወስጂ የሚጎዳው ጉበትሽ ነው።

ጎረቤት «ለእኔ ፍቱን ነው» ብላ የምትሰጥሽን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ተይው። አንቺ ከሳንባው ሌላ አስምም አለብሽ። እነዚህና አስፕሪን አንዳንድ አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ ያጠብቡበታል፤ አፍንጫ ይዘጋል፣ ደረት ሲር ሲር ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ። «ድሮ ወስጄው ምንም አልሆንኩም» ማለት ዋስትና አይሆንም፣ ጠባዩ በጉልምስና ሊጀምር ይችላልና። ሳንባሽ ሲብስብሽ የሚታዘዝልሽ ፕሬድኒሶሎን ላይ ሲደረቡ ደግሞ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ሊያደሙም ይችላሉ። ከደም ግፊትና ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲሆኑ ኩላሊት ይጎዳሉ። «በመርፌ ከሆነ ጨጓራ አይነካም» የሚሉሽንም አትስሚ፤ መድኃኒቱ በደም ዞሮ እዚያው ይደርሳል። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ። (ለልብ ተብሎ በሐኪም የታዘዘ አስፕሪን ካለ ግን በራስሽ አታቋርጪው፤ ጠይቂ።)

ከሁሉ የምፈራልሽ ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ነው። አንጎል ለመተንፈስ የሚሰጠውን ትእዛዝ ያደክማል፤ የታመመ ሳንባ ደግሞ የተቃጠለውን አየር አውጥቶ መጨረስ ስለሚያቅተው በደም ውስጥ ይከማቻል። ዳያዜፓም ወይም ሌላ የእንቅልፍ ኪኒን ሲጨመርበት አደጋው ይብሳል። ኮዴን ያለበት የሳል ሽሮፕም ዘመዱ ነው። ከወሰድሽ በኋላ ከባድ ድብታ፣ የንግግር መደነቃቀፍ ወይም የትንፋሽ መዘግየት ከታየ «ትተኛ፣ ደክሟት ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ወዲያው ቀስቅሰው ሐኪም ቤት ያድርሱሽ። ይህን አብረውሽ ላሉት አንብቢላቸው።

ፋርማሲ ስትሄጂ መድኃኒቶችሽን በሙሉ፣ በአፍ የምትስቢውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂና ከጉልበቱ በፊት ስለ ሳንባሽ ንገሪያቸው።

ልጅሽ