በሩ ፊት እንደቆምክ ነህ

ደሴ፣ ነሐሴ አጋማሽ

ወንድምዬ፣

እንዴት ነህ? አርባ ምንጭ ተመቸችህ? ሙቀቱን ለመድከው? ሳንጻጻፍ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ደውለህ አላነሳሁም። ለፋሲካ የላክኸውንም አይቼ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ። ምክንያት አለኝ፤ ግን ቶሎ አይወጣልኝምና ታገሠኝ።

ነገሩ የዚያ አፕ ነው።

ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስን፣ ያን በዳይስና በካርታ የምንጫወተውን የተረት ጨዋታ፣ ተራርቀንም እንድንጫወት ጀመዓው ብር ያዋጣበት የኦንላይን ጠረጴዛ። አንተ እዚያ ሆነህ፣ ያቺ ጓደኛችን ኮምቦልቻ ሆና፣ እኛ ፒያሳ ከአክስቴ ሱቅ ጀርባ ሆነን አንድ ካርታ ላይ ልንሰበሰብበት የነበረው። ኢንተርኔት ሲጠፋም ይሠራል ተብሎ ነበር። የእኛን ፊደል ይቀበላልም ተብሎ ነበር። አሳምኜ ያስከፈልኳችሁ እኔ ነኝ። መናኸሪያ ልሸኝህ ስመጣ አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮት የሰጠኸኝን 1,500 ብር አልረሳሁትም። አንድም ቀን አልረሳሁትም።

እስከ ዛሬ አልወጣም።

የሚሠሩት ሰዎች መጀመሪያ ለመስከረም አሉ። ከዚያ ለገና። ከዚያ «በቅርቡ»። በየሁለት ወሩ ኢሜይል ይመጣል። ፎቶው ያምራል፤ ዘንዶው ይዞራል፣ የችቦው ብርሃን ግድግዳው ላይ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ያንን አልጠየቅኩም። ካርታ ማስቀመጥ፣ ስማችንን በአማርኛ መጻፍ፣ መብራት ሲሄድ የለፋንበት እንዳይጠፋ። ይኸው ነው የጠየቅኩት። ባለፈው ወር የመጣው ኢሜይል ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ክፍል ለጊዜው ቀርቷል ይላል። ፊደሉን ጭራሽ አላነሱትም። ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእነሱ የቀረው አንድ መስመር ነው፤ ለእኛ ግን የቀረው ሁሉም ነው። ክረምት ላይ እዚህ ኢንተርኔቱም መብራቱም እንዴት እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ።

ለምን እንዳልጻፍኩልህ አሁን ልንገርህ። ሌላ ምንም ሳልጽፍ ሊንኩን ብቻ ልልክልህ ነበር ሐሳቤ። «ግባ» ብዬ። ትከፍተዋለህ፤ በጨዋታው ውስጥ ያለው ያንተ ሰውዬ የብረቱ በር ፊት፣ ልክ እንደተውከው ቆሞ ታገኘዋለህ። ያቺን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንዳየኋት! እነሱ ሲያዘገዩ እኔም ዝምታዬን አረዘምኩ። ሲቆይ ደግሞ ማፈር መጣ። ብርህን ወስጄ፣ ጨዋታህን አቋርጬ፣ «ደህና ነህ ወይ» ብቻ ብዬ መጻፍ ከበደኝ።

ድሮ ስለ ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የነገርከኝ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 አራተኛው እትም ሲወጣ አብሮት ይመጣል የተባለው የኦንላይን ጠረጴዛ ለሙከራ እንኳ የተከፈተው በ2010 ነው፤ በ2012 ደግሞ ተዘጋ። ያኔ ስትነግረኝ የሩቅ ሰዎች ታሪክ ነበር የመሰለኝ። አሁን እነዚያን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ቅዳሜያቸውን ይዘው የጠበቁ ሰዎች ናቸው። ጓደኛቸው ሌላ ከተማ ሄዶባቸው፣ የሚያገናኛቸው ነገር ዛሬ ነገ ሲባል ጨዋታው በእጃቸው ላይ የሞተባቸው። የጨዋታ ቡድን በጠብ አይፈርስም፤ በመጠበቅ ነው የሚፈርስ። እኛ ልንፈርስ ምን ቀረን?

ነፃ የሆኑትንም ሞክረናል። ካርታው ተጭኖ ሳያልቅ ዳታው ያልቃል። የአንዱ ድምፅ ይመጣል፣ የሌላው ይቆረጣል። ላፕቶፑም ያው የምታውቀው ነው፤ ቻርጁ አርባ ደቂቃ አይቆይም።

የኮምቦልቻዋ ጓደኛችን አሁን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በሺፍት ነው የምትሠራው። ቅዳሜ ነፃ ስትሆን ብቻ ትመጣለች። ከኮምቦልቻ ደሴ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን በነሐሴ የሀረጎን ዳገት ጉም አንተ ታውቀዋለህ። ሚኒባሱ መብራት አብርቶ ዳዴ እያለ ነው የሚወጣው። ለመመለስ ደግሞ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት መነሳት አለባት። አፕ አፕ የምለው የቴክኖሎጂ ፍቅር ይዞኝ እንዳይመስልህ። መንገዱን ፈርቼላት ነው።

ያለፈው ቅዳሜ መጣች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መብራት ሄደ። ተያየን። ያኔ አክስቴ ሻማና ከሱቁ አንድ ትልቅ የካርቶን ክዳን ይዛ መጣች። «በዚህ ላይ ሳሉት» አለች። አክስቴ ስንጫወት የምታየው ገበጣ እየመሰላት ነው፤ አሁንም።

ሳልነው። የጦሳን ሥር፣ የአዝዋን ገደል፣ ወደ ሐይቅ የሚወስደውን መንገድ፣ ሁሉን በእስክሪብቶ። እኛ ቆርኪ ሆንን። ጭራቆቹ ሽምብራ ሆኑ። የሞተውን ጭራቅ የገደለው ይበላዋል አልን፤ ትንሹ ወንድሜ አሥራ አንድ በላ። አራት ሰዓት ሙሉ ተጫወትን። አቦሉ አለቀ፣ ቶናው አለቀ፣ በረካው ቀዘቀዘ፤ ማንም አልተነሳም። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

እና አንድ ቦታ ላይ ጓደኛችን ዝም ብላ አንድ ቆርኪ አነሳችና በሩ ፊት አስቀመጠችው።

«እሱስ?» አለች።

ምን ልበላት? ሻማውን ያዝኩና ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ይህን ደብዳቤ እዚያው ጀመርኩት።

ሌላም ወሬ አለኝ፤ ይኼኛው ጥሩ ነው። የጨዋታው መሠረታዊ ሕግ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ተለቋል። ምንጩን ጠቅሰህ መተርጎም፣ ማተም፣ ማደል ትችላለህ። ከ400 ገጽ በላይ ነው። ማታ ማታ ወደ አማርኛ እየመለስኩት ነው፤ በወረቀት ላይ፣ ማንንም ሳልጠብቅ። ስልሳ ገጽ ደርሻለሁ። «ሂት ፖይንት»ን ነፍስ አልኩት። ጌም ቤት ልጅ ሆነን «ሁለት ነፍስ ቀረኝ» እንል የለ? ሌላ ቃል ፍለጋ ምን አደከመኝ። «ሴቪንግ ስሮው» ላይ፣ ከአደጋ ለማምለጥ የሚጣለው ዳይስ ላይ፣ ግን ተይዣለሁ። የማምለጫ ዕጣ? የመትረፊያ? አንተ ቃል ታውቃለህ፤ አንድ ነገር በለኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳይ አለኝና።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ጨዋታውን ሲያወጡ ሳጥኑ ውስጥ የነበሩት ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ናቸው። የቀረው ዳይስ፣ ወረቀትና እርሳስ ነው። እኛ ስልክ አለን፤ ከእነሱ በላይ ነን። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ የካርቶኑን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። አንድ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደገና ማንሳት አያስፈልግም፤ በካሬ ቁጥር እንነግርሃለን። ከዚያ እደውላለሁ። ኢንተርኔት አይደለም፤ ተራ ስልክ። ስፒከር ላይ አድርጌ ብርጭቆ ውስጥ አቆመዋለሁ፤ ድምፁ ይጎላል፣ ሞክሬዋለሁ። ዳይስህን እዚያው ጣል። የወጣውን ንገረን። አንድ ወጣ ብትል አምንሃለሁ፣ ሃያ ወጣ ብትልም አምንሃለሁ። አሁንም ከመጣልህ በፊት እፍ ትልበታለህ? ያ ሁሉ እፍታ አንድ ቀን ሠርቶልህ አያውቅም እኮ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። በሩን ቶሎ ክፈተው። ቁልፉ አንተ ኪስ ነው፣ ሌላ ማንም የለውም። እንደ ድሮው ወጥመድ ይኖረው ይሆን፣ ከጀርባው ማን አለ እያልክ ሦስት ሰዓት አታስቆመን። ሁለት ዓመት አስበህበታል፤ ይበቃል።

ብሩን በተመለከተ... እንዴት ብዬ እንደምለው አላውቅም። ከኩባንያው እንዲመለስ ጽፌያለሁ፤ መልስ አልመጣም። ቢመጣም ባይመጣም ያንተን እኔ እመልሳለሁ። በአንድ ጊዜ ላይሆን ይችላል። አይ አትበለኝ። አፕ መጣ ቀረ ከሚለው በላይ የከበደኝ እሱ ነው፤ ዓይንህን ማየት ያስፈራኝ እሱ ነው። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። «አብሽር» አሉኝ። ያንተን ግን ካንተው አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

እናትህን ሰኞ ገበያ አግኝቼያቸው ነበር። ደህና ናቸው። «ልጄ ይደውልልሃል?» ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውንም ዋሽቻለሁ ማለት ነው፤ አዎ የሚል መስሏቸዋል።

ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ይመችሃል? እሷ የዚያን ቀን እዚሁ እህቷ ጋ ታድራለች፤ ሀረጎን በሌሊት አትወርድም። ካልተመቸህ እሑድ ከሰዓት እናድርገው። ጽፈህ መመለስ ከከበደህ፣ እንደ እኔ ከከበደህ፣ ባዶ ሚስኮል አድርግልኝ። ይገባኛል።

ወንድምህ፣
ከፒያሳ

በነገራችን ላይ፣ አረንጓዴው ሃያ ጎን ዳይስ አንተ ቦርሳ ውስጥ ነው የቀረው አይደል? ቤቱን ሁለት ጊዜ ገልብጬ ፈልጌዋለሁ። የጎን ኪሱን እየው።